ለማጅ ልጅና የቤተሰብ መኪና፦ ርካሹ ኢንሹራንስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ አሮጌ ቪትዝ አለችን፤ ያላት ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። የ19 ዓመት ልጃችን መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ማሰልጠኛ ተመዝግባለች። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል እኔው አጠገቧ ተቀምጬ በራሳችን መኪና ላለማምዳት አስቤያለሁ። ለለማጅ የሚሆን ርካሽ ኢንሹራንስ የት ይገኛል? ሙሉ ኢንሹራንስ ብንገባስ፣ የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርገን ብናስመዘግብ ይቀንስልናል? አንድ ወዳጄ ደግሞ ኢንሹራንሱ በእኔ ስም እስከሆነ ድረስ ማንም ቢነዳት ችግር የለውም ይለኛል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

መንጃ ፈቃድ ላልያዘ ሰው በቤተሰብ መኪና ላይ የሚሸጥ ኢንሹራንስ እኛ አገር የለም፤ ስለዚህ ርካሹን ፍለጋ ከኩባንያ ኩባንያ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ነው። እንግሊዝ አገር ለማጅ የመማሪያ ፈቃዱን ይዞ፣ ልምድ ያለው ቤተሰብ አጠገቡ አስቀምጦ የአባቱን መኪና መንዳት ይፈቀድለታል፤ ለዚሁ ተብሎ ለአጭር ጊዜ የሚሸጥ ኢንሹራንስም አለ። የእኛ ሕግ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሥልጠና የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ማሰልጠኛ፣ ፈቃድ ባለው አሰልጣኝ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ መኪና ነው። እርስዎ ሃያ ዓመት የነዱ ቢሆኑም አሰልጣኝ አይደሉም፤ ቪትዟም የማሰልጠኛ መኪና አይደለችም።

ይህን የምለው ለሕግ አክባሪነት ብቻ አይደለም። የማሰልጠኛው መኪና በአሰልጣኙ በኩል የራሱ ፍሬን አለው። ልጅዎ ፍሬን ረገጥኩ ብላ ነዳጅ ብትረግጥ አሰልጣኙ መኪናውን ያቆመዋል። በእርስዎ መኪና ውስጥ ግን የእጅ ፍሬን ከመሳብና ከመጮህ በቀር የሚያደርጉት ነገር የለም። ደግሞም ቱሉ ዲምቱ እሑድ ጠዋት ጭር ይላል የሚባለው የኮንዶሚኒየሙን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለሚያስብ ነው። አንድ እጥፋት ቢስቱ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ፣ ከከባድ መኪኖች መሐል ነው የሚገኙት። ውስጥ ለውስጡም ቢሆን ባጃጁ፣ በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ምእመን፣ አህያውና ኳስ የሚጫወተው ልጅ አለ። እሑድ ጠዋት ልጆች መንገድ ላይ የሚወጡበት ሰዓት ነው።

መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው እየነዳ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን በግልጽ ልንገርዎ። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖርዎት እንኳን ውሉ መኪናውን መንዳት የሚችለውን ሰው ይወስናል፤ ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያገለግል የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ የራስዎ መኪና ጉዳት ከኪስዎ ነው። በሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ በሚደርሰው ጉዳት በኩል ደግሞ ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ የከፈለውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለልን እኛም ተሸፍነናል ብሎ ያስባል። ሽፋኑ ለተጎጂው እንጂ ለእርስዎ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም። መኪናው ተሰርቆ ካልሆነ በቀር «ልጄ ናት የነዳችው» ማለት አያድንም። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ቀሪው የባለንብረቱ ዕዳ ነው። የፈቃድ አልባ መንዳቱ ቅጣት ደግሞ ለብቻው ይጠብቃል።

ስለዚህ አሁን ባላችሁበት ደረጃ የኢንሹራንሱን ጥያቄ ወደ ማሰልጠኛው ያዙሩት። ገንዘቡን ጨርሰው ከመክፈልዎ በፊት የሚሠለጥኑበት መኪና ኢንሹራንስ ለማሠልጠኛ አገልግሎት የተገባ መሆኑን፣ ሠልጣኟ ራሷ ብትጎዳ የሕክምና ወጪዋን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ፤ ወረቀቱንም ይዩት። መልሱን «አትጨነቁ» ብሎ የሚያልፍ ማሰልጠኛ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ሰዓቱ አነሰ ብለው ከሆነም ላለማምዳት ያሰቡት፣ ለኢንሹራንስ ያሰቡትን ብር ተጨማሪ የሥልጠና ሰዓት ይግዙበት። ከሁሉም የሚሻለው ወጪ ይኸ ነው።

አሁን ወደ ወዳጅዎ አነጋገር ልምጣ። ግማሹ እውነት ነው። በእኛ አሠራር ኢንሹራንስ የሚገባው ለመኪናው ነው፤ ብዙው የግል መኪና ውል ባለቤቱ የፈቀደለት፣ ተገቢውን መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ቢነዳው ይሸፍናል። «ማንም» የሚለው ቃል ግን ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛው ቀደም ብዬ ያነሳሁት መንጃ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ኤክሰስ ነው፤ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት እርስዎ የሚችሉት ድርሻ። ብዙ ውሎች ዕድሜው ትንሽ የሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ያልቆየ ሰው ሲነዳ ይህን ድርሻ ከፍ ያደርጉታል። የዕድሜውና የልምዱ ገደብ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ የሚገኘውም ከውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው። ካሳ ክፍል ውስጥ በሠራሁበት ዘመን ሰው ከሁሉ በላይ የሚቆጣው በዚህ አንቀጽ ነበር፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መጥቶ የጥገናው ገንዘብ ተቆርጦ ሲያገኘው። ቁጣው ይገባኛል። ሲሸጥለት ማንም አልነገረውም።

ልጅዎ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ለኩባንያው በጽሑፍ ማሳወቅ ያለብዎትም ለዚህ ነው። የንግድ ሕጉ ሰው ውል ሲገባ አደጋውን የሚመለከተውን ሁኔታ ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ አደጋውን የሚያከብድ ነገር ቢመጣም ማሳወቂያ ጊዜ አስቀምጧል፤ 15 ቀን። አዲስ መንጃ ያወጣ ወጣት መኪናውን አዘውትሮ መንዳት ሲጀምር ይህ ኩባንያውን አያገባውም ብሎ መገመት አያዋጣም። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የመንጃ ፈቃዱ ኮፒ፣ የተቀባዩ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅዎ ይቅር። ተጨማሪ ብር ቢጠይቁ የተሻሻለውን ውል በጽሑፍ ይቀበሉ።

ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ካወቁ የት ላይ መቆጠብ እንደሚቻልም ይታይዎታል። የግዴታው ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚመራ ሲሆን አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የወጣለት ታሪፍ አለው፤ የሚለየው በመኪናው ዓይነትና አገልግሎት እንጂ በነጂው ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛ ወገን ላይ «ርካሽ አገኘሁልህ» የሚልዎትን ሰው ይጠርጥሩ፤ ደረሰኝና ከኩባንያው የወጣ ሰርተፍኬት ሳይዙ ገንዘብ አይስጡ። የሙሉ ኢንሹራንስ አረቦን ግን በዋናነት የመኪናው ዋጋ በመቶኛ ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ መቶኛውን የሚወስኑት የመኪናው ዕድሜ፣ የሚሠራው ሥራና ያለፈው የካሳ ታሪክዎ ናቸው። እዚህ ላይ ኩባንያዎች ይወዳደራሉ፤ መዟዟርም ዋጋ አለው።

«የመኪናውን ዋጋ ዝቅ እናድርግ» የሚለው ሐሳብ የሚወለደውም ከዚሁ ስሌት ነው፤ ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በአሁኑ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው እዚህ ውስጥ ገብቷል። ለማሳየት ብቻ የምወስደው ቁጥር ነው፤ የመኪናዎ የገበያ ዋጋ 1,600,000 ብር ነው እንበል፤ እርስዎ 800,000 ብር ብለው አስመዘገቡ። መቶኛው 2 ከሆነ በዓመት 16,000 ብር ቆጠቡ። ከዚያ ልጅዎ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ስትወጣ ከአንድ አይሱዙ ጋር ተጋጨች፤ ጥገናው 200,000 ብር መጣ። ኩባንያው «ኢንሹራንስ የገቡት ለመኪናው ግማሽ ነው፤ ግማሹን አደጋ ራስዎ ተሸክመዋል» ይልና 100,000 ብር ብቻ ያስባል። ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል፤ ያረጀ ዕቃ በአዲስ ከተተካ ለዕድሜው የሚቀነስም ይኖራል። 16,000 ለመቆጠብ ብለው ከ100,000 በላይ ከፈሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው መኪናው ጨርሶ ከወደመ ብቻ የሚጎዳ ይመስለዋል፤ የሚጎዳው ግን በትንሹም ግጭት ነው።

ሆን ብለው ዝቅ ያላደረጉትም እዚህ ችግር ውስጥ ይገባሉ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለና ሐምሌ 2016 ላይ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ከቀድሞው ጋር አይገናኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ በየዓመቱ እየታደሰ የመጣ ውል ካለ ባለቤቱ የሚከፍለው ለግማሽ መኪና ነው። አዲስ ውል ሲገቡም ሲያድሱም የወቅቱን ዋጋ ከሁለት ሦስት የመኪና ሻጮች ጠይቀው ይሂዱ። ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ኩባንያው የሚከፍለው የደረሰውን ጉዳት እንጂ ትርፍ አይደለም።

በሕጋዊ መንገድ ታዲያ ምን ይቀነሳል? ከሁሉ የሚሻለው ከፍ ያለ ኤክሰስ በራስ ፈቃድ መውሰድ ነው። ጥቃቅን ጭረትና የመብራት ስብራት ከኪሴ እችላለሁ፣ ትልቁን ተሸከሙልኝ ብለው ቢደራደሩ አረቦኑ ሊወርድ ይችላል። ለአዲስ ነጂ ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ጥቃቅኑን ለኩባንያው ካላቀረቡ ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽ አይነካም፤ ይህ ቅናሽ በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ስለሆነ በትንሽ ጭረት ማበላሸት አይገባም። ኩባንያ ቢቀይሩም ካሳ እንዳልጠየቁ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ያጽፉ፤ አዲሱ ሊያስብልዎት ይችላል። የሚነዱትን ሰዎች በስም ወስኖ መዋዋልም አለ፤ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጅዎ ብቻ። ቅናሽ ካስገኘ ጥሩ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ የወንድምዎ ልጅ ቁልፍ ሲጠይቅ እምቢ ማለት መቻል አለብዎት።

መኪናውንና ሌላ ንብረት ባንድ ኩባንያ ማስገባትም ሊረዳ ይችላል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ እንደ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ናይል፣ ሕብረት ያሉት የግል ኩባንያዎች የሚሰጡት ዋጋ እኩል አይደለም፤ ከሦስት ኩባንያዎች ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ሲያወዳድሩ ግን የመኪናው ዋጋም ኤክሰሱም በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ርካሽ የሚመስለው ኤክሰሱን የደበቀው ነው። ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ «የ19 ዓመት ልጅ፣ መንጃ ካወጣች ሁለት ወር የሆናት፣ ብትጋጭ እኔ ስንት እከፍላለሁ?» መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይቀበሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘለው ነገር ሦስተኛ ወገኑን ከፍ ማድረግ ነው። አዲስ ነጂ የራስዋን መኪና ከምትጎዳው በላይ የሌላ ሰው መኪናና የሌላ ሰው አካል ልትጎዳ ትችላለች። የሕጉ ጣሪያ ለአንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ወይም ለአንድ ላንድክሩዘር ጥገና ላይበቃ ይችላል፤ ቀሪው ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ባለሊብሬው ላይ ይወድቃል። ከሕጉ ጣሪያ በላይ የሚሄድ ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ከሙሉ ኢንሹራንሱ ጋር ይጠይቁ። ሽፋኑ ከሚያስጨምረው ብር ጋር ሲተያይ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ለቤተሰብዎ ደኅንነት የሚሰጠውን ያህል የሚሰጥ ሌላ ነገር አላውቅም። ነጂዋ ራስዋ ደግሞ ሦስተኛ ወገን አይደለችም፤ ብትጎዳ ሦስተኛ ወገኑ አያሳክማትም። ለነጂና ለተሳፋሪ የግል አደጋ ሽፋን ያስጨምሩ።

ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ጥቂት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። ስፖኪዮና የፊት መብራት ሌሊት ግቢ ውስጥ የሚሰረቅበት ሠፈር ከሆነ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ የዕቃ ስርቆትን በራሱ ይሸፍናል ብለው አያስቡ፤ ብዙ ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ነው። መኪናዋ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ጋራዥ የምትጎተትበት ወጪ ስንት ድረስ እንደሚሸፈንም ይጠይቁ። አደጋው ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ በኩል ከደረሰ የሸገር ከተማ ክልል ሊሆን ይችላል፤ ኢንሹራንሱ እዚያም ይሠራል፣ ሪፖርቱን የሚጽፈው ግን የዚያ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ እዚያው ይያዙ። ልጅዎ ሥራ እስክታገኝ ብላ በቪትዟ ተሳፋሪ በሒሳብ ማመላለስ ብትጀምር ደግሞ ለግል አገልግሎት የተገባው ውል አይከተላትም። ይህን ቀድመው ይንገሯት፤ ወጣቶች ብዙ የሚወድቁበት ነው።

አደጋ ሲደርስ «ሽማግሌ አለ፣ እዚሁ እንጨርሰው» ማለት ባህላችን ነው፤ ደግ ባህልም ነው። በኢንሹራንስ በኩል ግን ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋተኝነትን ማመን ወይም ካሳ ቃል መግባት ሽፋኑን ሊያስቀር ይችላል። ልጅዎ ቀድማ ተጎጂ ካለ እንዲታከም ታድርግ፣ ትራፊክ ፖሊስ ትጥራ፣ የሌላውን መኪና ታርጋና የኢንሹራንስ ስም ትያዝ፣ ከዚያ ለእርስዎ ትደውል። ይቅርታ መጠየቅና ማዘን አይከለከልም፤ የሚከለከለው ፈርሞ መስጠትና ገንዘብ ቃል መግባት ነው። የንግድ ሕጉ አደጋን ለማሳወቅ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ቢበዛ 5 ቀን። ኩባንያው ሳያየው መኪናውን አያስጠግኑ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። መንጃ ፈቃዱ እጇ እስኪገባ ድረስ ቪትዟን አትንካ፤ ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን። ፈቃዱ በወጣ ሳምንት፣ ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት፣ ሙሉ ኢንሹራንስ በትክክለኛው የገበያ ዋጋ ይግቡ፤ በአሁኑ የመኪና ዋጋ ቪትዟ ብትወድም ሌላ መግዛት የሚችል ደመወዝተኛ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ኤክሰሱን ቤተሰቡ ባንድ ወር ውስጥ ሊያዋጣው እስከሚችለው መጠን ከፍ ያድርጉ፣ በሚተርፈው ብር ተጨማሪ ሦስተኛ ወገንና የግል አደጋ ይጨምሩ፣ ልጅዎን በስሟ ያስመዝግቡ። ይህን ለሁለት ዓመት ያቆዩት፤ ካሳ ሳትጠይቁ ካለፈ ያን ጊዜ ከኩባንያው ጋር እንደገና ይደራደሩ።

ለሙሉ ኢንሹራንሱ አቅሙ ፈጽሞ ከሌለ ግን ዋጋ ደብቆ ከመግባት በሦስተኛ ወገን መቆየት ይሻላል፤ ከተቻለ እሳትና ስርቆት ተጨምሮበት። እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጅዎ የምትነዳው እርስዎ አጠገቧ ሲኖሩ፣ በቀን፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ ፈጣን መንገዱም ይቆያት። የቪትዟ ቦሎ በሚታደስበት ሰሞን ከውሉ ኮፒና ከመንጃ ፈቃድዋ ኮፒ አንድ አንድ መኪናው ውስጥ፣ አንድ አንድ ቤት ያስቀምጡ።